ማይክሮስኮፒክ ኮላይተስ፦ ኢሞዲየምና ፔፕቶ ቢስሞል ከመግዛትሽ በፊት የእናትሽን የመድኃኒት ቦርሳ አራግፊው

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «እናቴ 66 ዓመቷ ነው፣ ከአዲስ አበባ መጥታ ቨርጂኒያ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ከዓመት በላይ ሆናት ውሃ ውሃ የሚል ተቅማጥ አላት፣ በቀን ስድስት ሰባቴ፣ ሌሊትም ያስነሳታል፣ አንዳንዴ ሽንት ቤት ሳትደርስ ያመልጣታል። አዲስ አበባ እያለች አሜባ ነው እየተባለች ብዙ ጊዜ ፍላጅልና ቲኒዳዞል ወስዳለች። እዚህ ኮሎኖስኮፒ ተሰርቶላት ምንም የለም ካሉን በኋላ ባዮፕሲው ሲመጣ ኮላጅነስ ኮላይተስ አሉን። ዶክተሩ ቡዴሶናይድ አዘዘላት ግን ስቴሮይድ ነው ሲባል ፈራች፣ ፋርማሲ የነገሩን ዋጋም አስደነገጠን። ስኳር አለባት ሜትፎርሚን ትወስዳለች፣ ቤቢ አስፕሪን፣ ለቃር ኦሜፕራዞል፣ ለጉልበቷ አሊቭ። ፆም ሲሆን ትንሽ ይሻላታል። ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን ኢሞዲየም ወይ ፔፕቶ ቢስሞል ብሰጣት አይበቃም? ፕሮባዮቲክስስ? ወደ ካንሰር ይቀየራል የሚሉኝ ሰዎችም አሉ።»

ከካንሰሩ ልጀምር፣ አይቀየርም። ማይክሮስኮፒክ ኮላይተስ (የእናትሽ ኮላጅነስ ኮላይተስ ከዓይነቶቹ አንዱ ነው) የአንጀት ካንሰርን ዕድል አይጨምርም። ሰው የሚያምታታው ስሙ አልሰረቲቭ ኮላይተስ ከሚባለው ጋር ስለሚቀራረብ ነው፣ እሱ አንጀት የሚያቆስል፣ ደም የሚያመጣ፣ ለዓመታት ሲቆይ የካንሰር ክትትል የሚያስፈልገው ሌላ በሽታ ነው። የእናትሽ አይደለም። ይሄን ዛሬውኑ ንገሪያቸው፣ ምክንያቱም ብዙ እናቶች በሆዳቸው ይዘውት የሚፈሩት እሱን ነው።

«ምንም የለም» ተብሎ ከዛ በሽታ መገኘቱም የሀኪሞች መዘባረቅ አይደለም። በካሜራ ሲታይ አንጀቱ ጤነኛ ይመስላል፣ ችግሩ የሚታየው ናሙና ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብቻ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። ሊምፎሲቲክ የሚባለው ላይ ነጭ የደም ሴሎች የአንጀቱን ሽፋን ይሞሉታል፣ ኮላጅነስ ላይ ደሞ ከሽፋኑ ስር ያለው ስስ የኮላጅን ንጣፍ ወፍሮ ከ10 ማይክሮሜትር ያልፋል። የትልቁ አንጀት ዋና ስራ ውሃ መምጠጥ ነው፣ ሽፋኑ ሲቆጣ ውሃውን አይመጥም፣ እንዲያውም ያፈሳል፣ ለዚህ ነው ደም የሌለው ውሃ ብቻ የሚወጣውና ሌሊት ሳይቀር የሚያስነሳው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ «ጭንቀት ነው» ተብሎ አይታለፍም። በብዛት የሚይዘው ከ50 ዓመት በላይ ያሉ ሴቶችን ነው፣ እናትሽ እንግዲህ ልክ እሱ ላይ ናቸው።

የአሜባውን ነገር በተመለከተ አዲስ አበባ ያሉትን ሀኪሞች መውቀስ ቀላል ነው ግን አገራችን ውስጥ ተቅማጥ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ጥገኛ ተውሳክ መሆኑ ምክንያት አለው፣ በብዛት አለና። ስህተቱ ሶስተኛና አራተኛ ዙር ፍላጅል ሰውዬው ሳይሻለው ሲደጋገም ነው። ይሄን የምታነቡ እዛ ያላችሁ፣ ተቅማጡ ከአንድ ወር ካለፈና ኮሎኖስኮፒ ከተሰራላችሁ አንጀቱ ንጹህ ቢመስልም ባዮፕሲ ይወሰድልኝ በሉ፣ ያለ ባዮፕሲ ይሄ በሽታ አይገኝም። ለአንቺ ደሞ አንድ ነገር፣ ያን ሁሉ አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ ሰገራቸው ለጃርዲያና ሲ ዲፍ ለሚባለው ባክቴሪያ ተመርምሮ ካልሆነ ኢሞዲየም ከመጀመሩ በፊት ይመርመር። ሲ ዲፍ ካለ አንጀትን የሚያስር መድኃኒት አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። አንቺ የጠየቅሽኝ ከፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ምን ልጨምር ነው፣ እኔ የምልሽ መጀመሪያ ምን እንቀንስ ነው። የጻፍሽውን ዝርዝር ሳነብ በሽታውን ከሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች ተርታ በዋናነት የሚጠቀሱት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ አሊቭና ኦሜፕራዞል። አሊቭ ማለት ናፕሮክሲን ነው፣ አይቡፕሮፌን፣ አድቪል፣ ዳይክሎፌናክ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ኦሜፕራዞል፣ ላንሶፕራዞልና ዘመዶቻቸው ደሞ የአሲድ መቀነሻዎቹ ናቸው። ለድብርት ከሚሰጡት ሰርትራሊንም ስሙ ይነሳል፣ እናትሽ አይወስዱትም እንጂ። ሁሉም የሚወስድ ሰው ይታመማል ማለት አይደለም፣ ግን በሽታው ያለበት ሰው እነዚህን እየዋጠ ኢሞዲየም መደረቡ በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደመቅዳት ነው። የሚገርመው ሁለቱም ያለ ማዘዣ የሚሸጡ ስለሆኑ ብዙ ሰው ዶክተሩ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ» ሲለው አይጠቅሳቸውም፣ መድኃኒት አድርጎ አይቆጥራቸውም።

አሊቭን ዛሬ አቁሙት፣ ለሱ ቀጠሮ አያስፈልግም። ለጉልበታቸው ታይሌኖል (ፓራሲታሞል) ይሞክሩ፣ በቀን ከ3 ግራም ሳያልፍ፣ ጉበታቸው ደህና ከሆነ ማለት ነው፣ ከሱ ጋር ወይም ያለሱ ደሞ ቮልታረን ጄል መቀባት ይቻላል፣ ከ2020 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። እሱም ዳይክሎፌናክ ነው አንጀት አይነካም ወይ ትይኝ ይሆናል፣ በቆዳ ገብቶ ደም ውስጥ የሚደርሰው ከሚዋጠው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው።

ኦሜፕራዞሉ ግን እንደ አሊቭ በአንድ ቀን አይጣልም። እናትሽ አስፕሪን ስለሚወስዱ ምናልባት ጨጓራቸውን ከመድማት እየጠበቀላቸው ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ለምን ተጀመረ የሚለው ነው፣ ጨጓራቸው ቆስሎ ወይም ደምቶ ያውቃል? ወይስ አንድ ጊዜ ቃር ብለው የተሰጣቸው ነገር ለዓመታት ሳይቋረጥ የቀጠለ ነው? ሁለተኛው ከሆነ ከዶክተሩ ጋር ተነጋግራችሁ ቀስ እያላችሁ አውርዱት፣ በድንገት ሲቆም አሲዱ ለተወሰኑ ሳምንታት ከበፊቱ ብሶ ይመለሳልና ሰው «ያለሱ አልችልም» ብሎ ተመልሶ ይጀምረዋል። በመሃል ለሚመጣው ቃር ተምስ የሚባለው የሚታኘክ የካልሲየም ክኒን ይበቃል። ማግኒዢየም ያለባቸውን እንደ ማሎክስና ሚልክ ኦፍ ማግኒዢያ ያሉትን ግን አትግዢ፣ ማግኒዢየም ራሱ ያስቀምጣል። እግሬን ይቆረጥመኛል ብለው የማግኒዢየም ቫይታሚን የሚወስዱ ከሆነም ያው ነው። አስፕሪኑንም ለምን እንደሚወስዱት ጠይቂ፣ የልብ ስቴንት ወይም ስትሮክ ከነበራቸው በፍጹም በራሳችሁ እንዳታቆሙት፣ ስኳር ስላለባቸው ብቻ የተጀመረ ከሆነ ግን አሁንም ያስፈልጋቸው እንደሆነ ዶክተሩ ይንገራችሁ።

ሜትፎርሚንም ከጥርጣሬ ነጻ አይደለም። ይሄን በሽታ ያመጣል ለማለት ሳይሆን በራሱ ተቅማጥ የሚያመጣ መድኃኒት ስለሆነ ነው፣ በተለይ ቶሎ የሚሟሟው ዓይነት። ቀስ ብሎ የሚለቀው ዓይነት ለሆድ ይቀላል፣ ይቀየርላት ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ደጋግሜ የማየው ሌላ ነገር ደሞ ሹገር ፍሪ ከረሜላና ማስቲካ ነው። ውስጣቸው ያለው ሶርቢቶልና የመሳሰለው አንጀት ውስጥ ውሃ ይስባል። ቦርሳቸው ውስጥ ካለ አውጪው።

እሺ ኢሞዲየም። ሎፔራማይድ ነው፣ የእናትሽን ነገር በተመለከተ ያለ ማዘዣ ከሚሸጡት ውስጥ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ግን ምን እንደሚሰራ ይታወቅ፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል፣ ውሃው የሚመጠጥበት ጊዜ ያገኛል፣ የማምለጡን ነገርም ይቀንሳል። ቁጣውን አያድንም፣ ባዮፕሲ ደግማችሁ ብትሰሩ ኮላጅኑ እዛው ነው። «በሽታውን ውስጥ ይቆልፈዋል» የሚባለው ፍርሃት ጀርም ላለበት ተቅማጥ የሚሰራ ነው፣ እዚህ ግን ወደ ውጭ መውጣት ያለበት ጀርም የለም፣ ምርመራው ንጹህ ከሆነ። ሱስም አያስይዝም፣ በተለመደው መጠን አእምሮ ውስጥ አይገባም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አወሳሰዱ ላይ ነው፣ ከተቀመጠ በኋላ እየሮጠ ይውጠዋል። ለሰነበተ ተቅማጥ ቀድሞ መውሰድ ነው የሚሻለው፣ ማታ ከመተኛት በፊት አንድ 2 ሚሊግራም፣ ጠዋት ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት አንድ፣ ከዛ እያያችሁ። ቅዳሴ ወይም ለቅሶ ቤት የሚሄዱ ከሆነ ከመውጣታቸው አንድ ሰዓት በፊት። ያለ ሀኪም የሚፈቀደው በቀን እስከ 8 ሚሊግራም፣ ማለትም አራት ክኒን ነው፣ ከሱ በላይ የሚኬደው ሀኪም ሲል ብቻ። እንደ ቀልድ እንዳታዩት፣ በ2016 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ከመጠን በላይ የወሰዱ ሰዎች ላይ የልብ ምት መዛባት ስላየ አስጠንቅቋል። የልብ ምት መድኃኒት የሚወስድ፣ ጉበቱ የተጎዳ ሰው ሳይጠይቅ አይጀምር። ካርቶኑ ላይ ከሁለት ቀን በላይ አትውሰድ ይላል፣ እሱ የተጻፈው ምክንያቱ ላልታወቀ ድንገተኛ ተቅማጥ ነው፣ እናትሽ ምርመራ አላቸው፣ ቢሆንም ዶክተራቸው በየቀኑ እየወሰዱ መሆኑን ይወቅ። ሆድ ከተነፋ፣ ሁለት ቀን ሰገራ ከቆመ ወይም ትኩሳትና ደም ከመጣ ወዲያው ይቁም።

ፔፕቶ ቢስሞልን ማን እንደነገረሽ ባላውቅም ሰውየው ከሜዳ አልተነሳም። በ1998 አስራ ምናምን ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ በቀን ስምንት 262 ሚሊግራም የሚታኘኩ ክኒኖች ለስምንት ሳምንት ወስደው አብዛኞቹ ተሽሏቸዋል። ትንሽ ሙከራ ነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ማህበር በ2016 መመሪያው ቡዴሶናይድ መውሰድ ለማይቻለው ሰው እንደ አማራጭ አስቀምጦታል፣ አውሮፓውያኑ ማስረጃው አይበቃም ብለው አይመክሩትም። አስፕሪን የማይወስድ፣ ኩላሊቱ ደህና የሆነ፣ ደም ማቅጠኛ የሌለው ሰው ቢጠይቀኝ በሀኪም ክትትል ስምንት ሳምንት ሞክረው እለው ነበር። ለእናትሽ ግን አልለውም። ቢስሞል ውስጥ ያለው ሳሊሲሌት የአስፕሪን ወንድም ነው፣ እያንዳንዱ ክኒን ወደ 100 ሚሊግራም ገደማ አለው፣ ስምንቱ ሲደመር ከቤቢ አስፕሪናቸው ላይ ብዙ ነው የሚጨምረው። ጆሮ ላይ ጭው ማለት ከጀመረ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። ሰገራንና ምላስን ያጠቁራል፣ እሱ በራሱ ጉዳት የለውም፣ ግን አስፕሪን የሚወስድ ሰው ጨጓራው ቢደማ ምልክቱ የጠቆረ ሰገራ ስለሆነ አንዱን ከአንዱ መለየት አትችዪም። ለወራት መውሰድ ደሞ ለማንም አይሆንም፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ቢስሙዝ ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎች አእምሯቸው ተነክቶ ነበር። በነገራችን ላይ አሜሪካ የሚሸጠው ካኦፔክቴትም ውስጡ ያው ቢስሙዝ ነው፣ ስሙ ሌላ ነው ብለሽ እንዳትገዢው።

ፕሮባዮቲክስ ላይ ገንዘብሽን አታጥፊ። የአሜሪካውም የአውሮፓውም መመሪያ ለዚህ በሽታ አይመክረውም። ሜታሙሲል የሚባለው የፋይበር ዱቄት ትንሽ ትንሽ ሊረዳ ይችላል፣ ውሃውን ይዞ ያወፍረዋል፣ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ይጀመር፣ ከሌላ መድኃኒት ሁለት ሰዓት ይራቅ፣ ሆድ ከነፋ ይቅር። ተልባውን ግን ተዉት፣ «ለሆድ ጥሩ ነው» የሚባለው ለደረቀ ሆድ ነው እንጂ ለዚህ አይደለም። ፌጦም እንደዛው፣ የተቆጣ አንጀት ላይ ማቃጠያ መጨመር ነው።

ምግብ በሽታውን አላመጣውም፣ ምግብ ብቻውንም አያድነውም፣ ግን ፆም ላይ ይሻላታል ያልሽው ፍንጭ ነው። ፆም ላይ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ የሚበላውም ጊዜ ይቀንሳል። አንጀቱ ሲቆጣ ወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የሚፈጨው አቅም ሊደክም ይችላል፣ ስብ ደሞ ሐሞት ያስለቅቃል፣ ሐሞቱ ትልቁ አንጀት ላይ ከደረሰ ያስቀምጣል። እንግዲህ ፆሙ ሲፈታም ለሁለት ሳምንት ወተትና ማኪያቶ ይቅሩ፣ ቅቤ ይቀነስ፣ ለውጥ ካለ ታውቂዋለሽ። ቡናን በተመለከተ እናት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ መከልከል እንደማይቻል አውቃለሁ፣ ቢሆንም ካፌይን አንጀት ያንቀሳቅሳል፣ አቦሏን ይጠጡና ለተቀረው ከጎረቤት ጋር ይጫወቱ።

ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) ላይ ጠንቀቅ በይ። ይሄ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይ ሲሊያክ የሚባለው በግሉተን የሚነሳ የአንጀት በሽታ ከሌላው ሰው በላይ ይገኛል፣ ስለዚህ የደም ምርመራው ካልተሰራላቸው ይሰራ። ከምርመራው በፊት ግን ስንዴ እንዳታስቆሚያቸው፣ ካቆሙ ውጤቱ በውሸት ንጹህ ሊመጣ ይችላል። እኛ እኮ እንጀራ ነው የምንበላው ስንዴ የት አለ የሚል ካለ፣ አሜሪካ ሱቅ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ገብስ ወይ የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው። ንጹህ ጤፍ ግሉተን የለውም፣ ድብልቁ አለው።

አሁን የፈራችሁት ቡዴሶናይድ። ስቴሮይድ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን እንደ ፕሬድኒሶሎን ሰውነት ሁሉ ውስጥ የሚሰራጭ አይደለም፣ አንጀት ላይ ሰርቶ ወደ ደም ከሚገባው ወደ 90 በመቶ የሚሆነውን ጉበት ያፈርሰዋል። በቀን 9 ሚሊግራም ለስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲወሰድ አብዛኛው ሰው በቀናት ወይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ያያል፣ ለዚህ በሽታ ከዚህ የተሻለ የተፈተነ መድኃኒት የለም። ድክመቱ ሲቆም ብዙ ሰው ላይ ተቅማጡ ይመለሳል፣ ያኔ በትንሽ መጠን መቀጠል ይቻላል፣ የሚቀጥል ከሆነ የአጥንት ምርመራ፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይታሰብበታል። ስኳራቸው ትንሽ ከፍ ሊል ስለሚችል መለካት ይብዛ፣ ግሬፕፍሩት ይቅር። ዋጋው ላይ ደሞ ፋርማሲው የነገረሽ የትኛውን ዓይነት እንደሆነ እይ፣ 9 ሚሊግራም አንድ ክኒን የሆነው ለአልሰረቲቭ ኮላይተስ የተሰራ ነው፣ ለዚህ በሽታ የሚለመደው 3 ሚሊግራም የሆነው ካፕሱል ነው፣ ሶስቱ ጠዋት አንድ ላይ ይዋጣሉ፣ ጀነሪክ አለው። ሌላ ፋርማሲና የቅናሽ ኩፖን ጠይቂ፣ ኢንሹራንስ ካላቸውም ኤፍዲኤ ለዚህ በሽታ ብሎ ያጸደቀው ስላልሆነ ቀድሞ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል፣ የዶክተሩ ቢሮ ወረቀቱን እንዲልክ ወጥረሽ ያዢው።

ስለዚህ እኔ የምልሽ፦ ለሰባት ቀን ስንት ጊዜ እንደተቀመጡና ስንቱ ውሃ እንደነበር ጻፊ። አሊቭ ይቁም፣ ስለ ኦሜፕራዞል፣ አስፕሪንና ሜትፎርሚን ለዶክተሩ ደውዪ፣ የሰገራና የሲሊያክ ምርመራው ይሰራ፣ ንጹህ ከሆነ ሎፔራማይድ ከላይ ባልኩት መጠን ይጀመር። አንድ ወር ስጪው። ያኔ ደግመሽ ሰባት ቀን ቁጠሪ፣ በአማካይ በቀን ሶስትና ከዛ በላይ ከሆነ ወይም በቀን አንድ እንኳን ውሃ የሆነ ካለ በሽታው አልተኛም፣ ከዛ በኋላ ሌላ ሽሮፕና ዱቄት እየቀያየራችሁ ሌላ ዓመት አትጨምሩ፣ ቡዴሶናይዱን ይጀምሩ። አሁንም ኪሎ እየቀነሱ ወይም በየሌሊቱ እየተነሱ ከሆነ ግን ወሩንም አትጠብቁ፣ ቡዴሶናይዱን ከአሁኑ ጀምሩት፣ እሱ እስኪሰራ ድረስ ሎፔራማይዱ ማገዣ ይሁን። ቡዴሶናይድ ወስደው ካልተሻላቸው የሐሞቱ ነገር ይታያል፣ ለሱ ኮሌስታይራሚን የሚባል በማዘዣ የሚሰጥ ዱቄት አለ።

በመሃል ውሃ እንዳይደርቅባቸው የኦአርኤስ ፓኬት ቤት ውስጥ ይኑር፣ ከሌለ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ላይ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ እየጠጡ ስኳራቸው ይለካ። ጁስና ጋቶሬድ አይተካውም፣ ስኳሩ በዝቶ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ከተቅማጡ ላይ ማስታወክ ከተጨመረ፣ ሽንታቸው ካነሰ ወይም ሲነሱ ካዞራቸው የዛን ቀን ሜትፎርሚኑን ከመስጠትሽ በፊት ደውዪ፣ ሰውነት ውሃ ደርቆበት ኩላሊት ሲደክም እሱ መድኃኒት አደጋ አለው፣ ካልተሻላቸው ደሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ኢመርጀንሲ ውሰጃቸው።